ከአጥሩ በፊት ገንዘቡ፦ የንግድ ባንክ ረጅም ሕንጻ ጉዞ ለአቃቂ ቃሊቲ ምን ይነግራል?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተመርቆ ሲከፈት፣ 209 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ሕንጻ በአገሪቱ ቀዳሚው፣ በምሥራቅ አፍሪካም ረጅሙ ተብሎ ተነግሮለታል። ከምድር በታች ያሉትን ጨምሮ 53 ፎቆች አሉት። ወጪው 303.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር መሆኑም በወቅቱ ተገልጿል። ስለ ቁመቱ ብዙ ተብሏል። ከመሠረቱ እስከ ምረቃው ስለተጓዘበት ረጅም መንገድ ግን የተባለው ጥቂት ነው።

ጉዳዩ የመሐል ከተማ ወሬ ብቻ አይደለም። ሕንጻው የቆመው ከገጠርም ከከተማም በሚሰበሰብ ቁጠባ በሚንቀሳቀስ ባንክ ነው። ሕንጻው ወደ ላይ ባደገባቸው ዓመታት ደግሞ አዲስ አበባ ወደ ጎን ስትሰፋ ቆይታለች፤ በደቡብ በኩል፣ በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ፣ ጤፍና ሽምብራ ይበቅልበት የነበረው መሬት ወደ ቤት፣ ወደ መጋዘንና ወደ ፋብሪካ ተለውጧል። ከተለወጠው መሬት ውስጥ ሥራ ላይ የዋለ አለ፤ ታጥሮ የቆየም አለ። አንዱ ግዙፍ ሕንጻ ከፍጻሜ ሲደርስ ሌሎች ዕቅዶች ከወረቀት ያልዘለሉት ለምንድን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ መሬቱን ለልማት ለሚለቅ አርሶ አደርም፣ ገንዘቡን በባንክ ለሚያስቀምጥ የከተማ ነዋሪም ይጠቅማል።

ከክቡ ሕንጻ ወደ ረጅሙ

ንግድ ባንክ ታሪኩን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. በ1942 ከተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ነው። ያ ባንክ የማዕከላዊ ባንክንም የንግድ ባንክንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የገንዘብና የባንክ አዋጅ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ብሔራዊ ባንክ የመቆጣጠሩን፣ ንግድ ባንክ ተቀማጭ የመሰብሰቡንና የማበደሩን ድርሻ ያዙ። በዚያው ዘመን በፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ንድፍ የተሠራው ክብ ሕንጻ ለአሥርተ ዓመታት የባንኩ መለያ ሆኖ አገልግሏል።

ከዚያ ወዲህ ባንኩ በየዘመኑ ሰፍቷል። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች በመንግሥት ተወረሱ፤ ከእነርሱ የተመሠረተው አዲስ ባንክ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1980 ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተጠቃለለበት። ዛሬ የባንኩ ቅርንጫፎች ከ1,900 በላይ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚገኙት ገበሬው በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ በሚያልፍባቸው የወረዳ ከተሞች ነው። ይህን ያህል የገዘፈ ተቋም ከስድሳ ዓመት በፊት በተሰፋ ልብስ መኖር አልቻለም።

አዲሱ ሕንጻ ያረፈው ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ነው። ከዚህ ተነስቶ እስከ ሰንጋ ተራ ባለው አካባቢ የግል ባንኮችና የመድን ድርጅቶችም ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን በተርታ አቁመዋል። ሰንጋ ተራ የሚለው ስም የቆየ ነው፤ የከብት ገበያን ያስታውሳል። በሰንጋ ስም በሚጠራ ሰፈር ዛሬ የሚገበያየው ብድርና ወለድ ነው። የከተማው እምብርት ራሱ ከገጠር ገበያ ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ስሙ ምስክር ነው።

ሰባት ዓመት፣ ሦስት ፕሬዚዳንቶች

የሕንጻው ግንባታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ንድፉ ሄን የተባለው የጀርመን የአርክቴክቶች ድርጅት ሥራ ነው። ግንባታውን ያከናወነው የቻይና መንግሥት ኩባንያ የሆነው ቻይና ስቴት ኮንስትራክሽን ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤትም የሠራው ይኸው ድርጅት ነው። በሁለቱ መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። 100 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የኅብረቱ ሕንጻ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር አሠርታ ያበረከተችው ስጦታ ነበር። የንግድ ባንኩ ሕንጻ ግን ባንኩ ራሱ ከፍሎ ያሠራው ነው። ስጦታ ቢዘገይ የሚጎዳው ሰጪው ነው፤ በራስ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ ሲዘገይ ግን እያንዳንዱ ወር ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል።

በእነዚያ ዓመታት አገሪቱ ያለፈችባቸውን ሁነቶች መለስ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። በ2009 ዓ.ም. መባቻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ በ15 በመቶ ዝቅ እንዲል ተደረገ። በዚያው ዓመት የካቲት ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ንግድና ጉዞ አሰናከለ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ። ባንኩም በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ፕሬዚዳንቶችን አይቷል፤ ሥራው የተጀመረው በአቶ በቃሉ ዘለቀ ዘመን ነው፣ በአቶ ባጫ ጊና ቀጠለ፣ በአቶ አቤ ሳኖ ጊዜ ተመረቀ።

የዚህ ዓይነት ሕንጻ ሥራ ከውጭ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጉድጓዱ ይቆፈራል፤ መሠረቱና ከምድር በታች ያሉት ፎቆች ይሠራሉ። በዚህ ጊዜ መንገደኛው ከአጥር በቀር የሚያየው የለም። ቀጥሎ የኮንክሪቱ አጽም ፎቅ በፎቅ ይወጣል፤ ሕዝቡ «ሥራው ፈጠነ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ የመስታወት ግድግዳው፣ ሊፍቱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ውኃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ፣ የእሳት መከላከያው ይከተላል። ብዙ ሕንጻዎች የሚቆሙት በዚህ በመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ። በከተሞቻችን አጽማቸው ቆሞ ለዓመታት መስኮት የሚጠብቁ ሕንጻዎችን የሚያይ ሰው ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል። የፌሮና የሲሚንቶ እጥረት የጎጆ ወጪ ያበዛበት የከተማ ነዋሪም ችግሩን በራሱ ልክ ያውቀዋል።

ንግድ ባንክ ይህን ሁሉ ማለፍ የቻለው በአራት ምክንያቶች ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ አንድና የታወቀ ነበር። ገንዘቡ ከሌላ ባለሀብት የሚለመን አልነበረም። ቦታው በመሐል ከተማ፣ በባንኩ እጅ ነበር። ሥራ ተቋራጩም ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ያሳየ ነበር። መንግሥትና የባንኩ አመራር ሲለዋወጥ እነዚህ አራቱ አልተለዋወጡም። ፕሬዚዳንቱ ሲቀየር ውሉ አልቀረም፤ የምንዛሪው ተመን ሲናጋም ክፍያው አልተቋረጠም።

በወረቀት የቀሩት

ለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሆን ዕቅድ በዚያው በአዲስ አበባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ ጓንግዶንግ ቹዋንሁዪ የተባለ የቻይና ኩባንያ 99 ፎቅ ያለውና 448 ሜትር የሚረዝም ሕንጻ በከተማዋ እንደሚሠራ ተነገረ። በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ስም ሊሰየም የታሰበው ይህ ሕንጻ በአፍሪካ ወደር እንደማይገኝለት ተወራለት፤ ሥዕሉም በየጋዜጣው ወጣ። ሕንጻው ግን አልተሠራም። የ209 ሜትሩ ሲመረቅ የ448 ሜትሩ በሥዕል ላይ ነበር።

ጎረቤት ኬንያም የዚህ ዓይነት ታሪክ አላት። በናይሮቢ፣ አፐር ሂል በሚባለው ሰፈር፣ ፒናክል የተሰኘውና ከ300 ሜትር በላይ ይረዝማል የተባለው ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ2017 በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ፊት ሥራው ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ በክርክርና በክስ ተጠምዶ ቆመ። በዚያው ከተማ 200 ሜትር የሚረዝመው የብሪታም ሕንጻ ግን የመድን ድርጅት ንብረት ሆኖ ተጠናቋል። የናይሮቢውም የአዲስ አበባውም ምሳሌ ወደ አንድ መደምደሚያ ያደርሳል። የቆሙት ሕንጻዎች በእጃቸው ገንዘብ ያላቸው ተቋማት ናቸው ያቆሟቸው። የቀሩት ደግሞ አስቀድሞ ስም ወጥቶላቸው፣ ገንዘቡ በኋላ ይፈለግላቸዋል የተባሉት ናቸው።

ሕጉ ይህን ችግር አስቀድሞ አይቶታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ የወሰደ ሰው ግንባታውን የሚያጠናቅቅበትን ጊዜ ወስኗል፤ ለአነስተኛ ግንባታ 24 ወር፣ ለመካከለኛ 36 ወር፣ ለከፍተኛ 48 ወር። በአቅም የደረጀው የአገሪቱ ትልቁ ባንክ እንኳ ረጅሙን ሕንጻ ለማጠናቀቅ ከስድስት ዓመት በላይ እንደወሰደበት ስናስብ፣ ገንዘቡ ሳይጠና ቦታ የወሰደ አልሚ በ48 ወር ይጨርሳል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት በ48ኛው ወር ሳይሆን ቦታው ከመሰጠቱ በፊት ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል።

ገንዘቡ የማን ነው?

ባንክ በራሱ ገንዘብ ሠራ ሲባል ነገሩን መዘርዘር ያስፈልጋል። ባንክ የሚኖረው ከአንዱ ተቀማጭ ወስዶ ለሌላው በማበደር ነው። በመካከል ያለው የወለድ ልዩነትና የአገልግሎት ክፍያ ትርፉ ይሆናል፤ ከትርፉም ሕንጻ ይሠራል። ስለዚህ ሕንጻው የተሠራው የቆጣቢውን ገንዘብ በቀጥታ በመውሰድ አይደለም። ያ ትርፍ እንዲገኝ ግን ሰሊጡን ሸጦ ብሩን በባንክ ያሳደረው የመተማ ገበሬም፣ ደመወዙን ያስቀመጠው የቃሊቲ ፋብሪካ ሠራተኛም ድርሻ አላቸው።

ሕንጻው በሚሠራባቸው ዓመታት ንግድ ባንክ ከከተማ ነዋሪዎች ጋር ሌላ ትልቅ ውል ነበረው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ የተጀመረበት የ40/60 የቤት መርሐ ግብር ነው። ነዋሪው የቤቱን ዋጋ 40 በመቶ በንግድ ባንክ ይቆጥባል፤ ቀሪውን 60 በመቶ ባንኩ ያበድራል። ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ሲተላለፉ ያረፉት በሁለት ቦታዎች ነበር፤ አንዱ በዚያው በሰንጋ ተራ፣ ሌላው በደብረ ዘይት መንገድ ባለው ክራውን። ሁለቱ ሳይቶች ተደምረው ከ1,300 ያነሱ ቤቶች ናቸው የነበሯቸው። ከተመዘገበው ሕዝብ አንጻር ይህ ከመቶ አንድ አይሞላም።

ይህ ንጽጽር ሕንጻውን ለመውቀስ አይደለም። ቤቶቹን የመገንባት ኃላፊነት የባንኩ ብቻ አልነበረም። መሬት ማዘጋጀት፣ መንገድና ውኃ ማስገባት፣ ሥራ ተቋራጭ መምራት በሌሎች ተቋማት እጅ ነበር፤ በየመካከሉም ብዙ ባለድርሻ ነበር። ከላይ የተጠቀሱት አራት ምክንያቶች በአንድ እጅ በተያዙበት ቦታ ሕንጻው አለቀ፤ በብዙ እጅ በተበተኑበት ቦታ ቆጣቢው ጠበቀ። በሁለቱም ቦታ ገንዘቡ የቆጣቢ ነው።

ለአርሶ አደሩ ደግሞ ጥያቄው በብድር በኩል ይመጣል። ባንኮች ለረጅም ዘመን መያዣ ሲጠይቁ የኖሩት ቤትና ሕንጻ ነው። ሕንጻ የሌለው ገበሬ ተቀማጩን ይዞ ሲሄድ በሩ ይከፈትለታል፤ ብድር ሲጠይቅ ግን በሩ ይጠብበታል። ይህን ለማቃለል በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት ላይ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ከብት፣ ሰብልና ማሽነሪ ለብድር መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅም የመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማቅረብ የሚቻልበትን በር ከፍቷል። 53 ፎቅ ያለው ባንክ ለገበሬው ቅርብ መሆኑ የሚለካው እነዚህ አዋጆች በወረዳው ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ምን ያህል እንደሚሠራባቸው ነው።

ወደ ላይና ወደ ጎን

የሕንጻው የወለል ስፋት ከ150 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ነው። ይህ 15 ሄክታር ማለት ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው ብለን ብናስብ፣ ሕንጻው 60 ጥማድ ወለል በአንድ የመሐል ከተማ ቦታ ላይ ደራርቦ ይዟል። ያው የወለል ስፋት በአምስት ደረጃ፣ ማለትም ምድር ቤት እና አራት ፎቅ ባላቸው ሕንጻዎች ይሠራ ቢባል፣ መንገዱና ግቢው ሳይቆጠር 3 ሄክታር ይፈልጋል። በምድር ቤት ብቻ ቢሠራ 15 ሄክታር ይጠይቃል። ቀላል ሒሳብ ነው፤ ወደ ላይ መሥራት መሬት ይቆጥባል።

ነገር ግን ቁጠባው እንዲሁ በራሱ አይመጣም። በመሐል ከተማ ቢሮ ሲበዛ በቢሮው የሚሠራውና ቢሮውን የሚያገለግለው ሰው ማደሪያ ይፈልጋል። ማደሪያው የተሠራው በዳር ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አብዛኞቹ ምድር እና አራት ፎቅ ነበሩ፤ እያደር ወደ ምድር እና ሰባት ከፍ ብለዋል። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ የመሳሰሉት ሰፈሮች በዚህ መንገድ የበቀሉ ናቸው። ማማው በሚጀመርበት ዓመት አካባቢ ሁለት ትልልቅ መስመሮችም ወደዚሁ አቅጣጫ ተዘርግተዋል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ለትራፊክ ክፍት ሆነ፤ ከምኒልክ አደባባይ በስታዲየም በኩል ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መንገድ ሲመጣ የመሬት ዋጋ ይወጣል፤ የመሬት ዋጋ ሲወጣ እርሻው ይታጠራል።

አቃቂ ይህን የሚያውቀው ዛሬ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር ወደ አዲስ አበባ ሲዘልቅ በአቃቂ አልፏል፤ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተከትለውት መጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የቃሊቲ ጉምሩክ፣ የጭነት መኪና ማቆሚያዎችና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምረዋል። ከከተማዋ ዋና የውኃ ምንጮች አንዱ የሆኑት የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶችም እዚሁ ናቸው። መሐል ከተማ ከዚህ አካባቢ መሬት፣ ውኃና ጉልበት ይወስዳል። መልሶ የሚሰጠው ምን እንደሆነ መጠየቅ የአካባቢው መብት ነው።

የመሬቱ ዓይነት ሊዘነጋ አይገባም። በአቃቂ ዙሪያ የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር ነው። መረሬ በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለጤፍ፣ ለሽምብራና ለምስር ተስማሚ ነው፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ለሕንጻ ግን አስቸጋሪ ነው። እየነፋና እየሰነጠቀ መሠረት ስለሚያናጋ፣ ተቆፍሮ ወጥቶ በሌላ የተመረጠ አፈር መተካት አለበት፤ ይህም ተጨማሪ ወጪ ነው። እንግዲህ በመረሬ ላይ በስፋት መገንባት ሁለት ጊዜ መክሰር ይሆናል፤ አንድም ለመሠረቱ በሚወጣው ገንዘብ፣ አንድም በሚታጣው እህል።

የከተማው ወደ ጎን መስፋት ምን ያህል የሚያስቆጣ ጉዳይ እንደሆነም አገሪቱ አይታለች። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን አቀናጅቶ ለማልማት የተዘጋጀው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ገጠመው። በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ተባብሶ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ በጥር ወር ተሰረዘ። የዚያ ቁጣ አንዱ ሥር አርሶ አደሩ ያለ በቂ ካሳ ከመሬቱ ይነሳል የሚለው ሥጋት ነበር። በዚያው ጊዜ በመሐል ከተማ የማማው ሥራ በመጀመሪያ ምዕራፉ ላይ ነበር።

የዶላር ሒሳብና የብር ካሳ

የሕንጻው ወጪ በዶላር ተቆጥሮ ነው የተነገረው። ግንባታው ሲጀመር አንድ ዶላር ከ20 ብር ትንሽ ይበልጥ ነበር፤ በምረቃው ወቅት 50 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። 303.5 ሚሊዮን ዶላር በመጀመሪያው ተመን ከ6 ቢሊዮን ብር ጥቂት ይበልጣል፤ በምረቃው ጊዜ ተመን ግን ከ15 ቢሊዮን ብር ያልፋል። ያው ሕንጻ፣ ያው ዶላር፤ የተለወጠው ብር ነው።

አሁን ይህን ለአርሶ አደሩ እናምጣው። በሥራ ላይ የነበረው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ከመሬቱ በቋሚነት ለሚነሳ አርሶ አደር ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር አባዝቶ ይከፍል ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ በአምስት ዓመት ውስጥ 80፣ 90፣ 100፣ 110 እና 120 ሺህ ብር አገኘ እንበል። አማካዩ 100 ሺህ፣ ካሳው 1 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ለወጠው፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል። የዚያው ገበሬ ካሳ 120 ሺህ በ15 ተባዝቶ 1.8 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሕጉ መሻሻሉ ከዚህ ምሳሌ በግልጽ ይታያል።

ይሁንና በመጀመሪያው ሕግ 1 ሚሊዮን ብር በ2007 ዓ.ም. የተቀበለ ሰው ገንዘቡ በዚያን ጊዜ ተመን 48 ሺህ ዶላር ያህል ይመዝን ነበር። ሳይነካ ቢያስቀምጠው በሕንጻው ምረቃ ጊዜ 20 ሺህ ዶላር ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ይበልጥ ቀንሷል። የባንክ ወለድ የጥቂቱን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። ባንኩ ጊዜው ሲያልፍ በእጁ የቀረው ሕንጻ ነው፤ ሕንጻ ዋጋው ከጊዜው ጋር ይሄዳል። ገበሬው በእጁ የቀረው ብር ነው፤ ብር ከጊዜው ጋር ይቀልጣል። መሬቱን የተቀበለው አልሚ ደግሞ ሳይሠራ አጥሮ ቢያቆየው እንኳ መሬቱ በየዓመቱ ይወደድለታል። ሦስቱ በአንድ ዘመን ቆመው ጊዜ ለሁለቱ ሲሠራ በአንዱ ላይ ይፈርዳል።

የመዘግየት ዋጋ ማንን እንደሚጎዳ ከዚህ ይታወቃል። የሕንጻው መዘግየት ባንኩን ያስወጣዋል፤ ባንኩ ግን ይችለዋል። በዳር ያለው የታጠረ መሬት መዘግየት ግን አርሶ አደሩን ከሁለት ያጣ ያደርገዋል። እርሻው የለም፤ ልማቱ ያመጣዋል የተባለው ሥራም የለም። አገሪቱም ከዚያ መሬት እህል አታገኝም፣ ምርትም አታገኝም።

ከአጥሩ በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ከማማው ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለሌላው ሁሉ መለኪያ ሊሆን ይችላል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «መሬታችሁ ለልማት ይፈለጋል» የተባለ አርሶ አደር፣ በሰፈሩ አዲስ አጥር ያየ ነዋሪ፣ ቦታ ለመስጠት የሚፈርም ባለሥልጣንም አራት ነገር ሊጠይቁ ይገባል።

አንደኛ፣ ባለቤቱ ማን ነው? ሥራው ቢቆም የሚጠየቅ፣ ስሙና አድራሻው የታወቀ አንድ አካል መኖር አለበት።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የት ነው? ዕቅዱ በባንክ በተቀመጠ ወይም በተፈቀደ ብድር የተደገፈ ነው ወይስ ቦታው ከተገኘ በኋላ በቦታው ስም ብድር ሊፈለግለት ነው? ሁለተኛው መንገድ ከሆነ አልሚው የመጣው ለመሬቱ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የሚሠራው ማን ነው? ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ያጠናቀቀ ሥራ ተቋራጭ ተለይቷል ወይ?

አራተኛ፣ በስንት ወር ያልቃል፣ ካላለቀስ ምን ይሆናል? ሕጉ ያስቀመጠው ጊዜ በውሉ ላይ ተጽፎ ለአካባቢው ሕዝብ ሊነገር ይገባል። ጊዜው ሲያልፍ መሬቱ እንዲመለስ የሚያደርግ ተፈጻሚ ውሳኔ ከሌለ አጥሩ ማብቂያ አይኖረውም።

ለአርሶ አደሩ አምስተኛ ጉዳይ ይጨመርለታል፤ ካሳው የሚሰላበት ሕግ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ሕጉ በየጊዜው ስለሚሻሻል በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ማጣራት ግድ ይላል። የገቢ ማስረጃ፣ ማለትም የእህል ሽያጭ ደረሰኝ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ፣ የግብር ወረቀት ቀድሞ መሰብሰብ አለበት፤ ካሳው የሚቆመው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነው። ገንዘቡ ሲገኝም በጥሬው ከማሳደር ይልቅ ጊዜ በማይበላው ነገር ላይ ማዋልን ከቤተሰብና ከባለሙያ ጋር መምከር ይበጃል። ባንኩ ራሱ ትርፉን በብር ከማስቀመጥ ሕንጻ ማድረጉን መርጧል፤ ገበሬው ከዚህ ቢማር አያስቀይምም።

መንግሥትም የሚጠበቅበት አለ። በመሐል ከተማ ወደ ላይ መገንባት የሚደነቀው በዳር የሚወሰደውን እርሻ ሲቀንስ ነው። ለዚህ ደግሞ የመኖሪያ ቤቱም ወደ ላይ ማደግ፣ በከተማው ውስጥ ታጥረው የቆዩ ቦታዎች ከአዲስ እርሻ በፊት ሥራ ላይ መዋል፣ ለግንባታ የሚመረጠውም መሬት ለእህል ከሚመረጠው መለየት አለበት። ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ በአንድ በኩል፣ ታጥሮ ሣር የበቀለበት መረሬ በሌላ በኩል ካለ ከተማው አደገ ማለት አይቻልም።

የንግድ ባንክ ሕንጻ ረጅም መሆኑ ሊያኮራ ይችላል። ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው የሚጠቅመው ግን ቁመቱ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። በዚያ ሕንጻ ገንዘቡ ቀድሞ ነበር፤ አጥሩ ተከተለ፤ አጥሩም በመጨረሻ ተነሣ። አርሶ አደሩ ነገ በእርሻው ዳር ችካል ሲተከል የዚህኑ ቅደም ተከተል ማረጋገጫ ቢጠይቅ ልማት ተቃወመ አይባልም፤ ባንኩ ለራሱ ያደረገውን ለእርሱም ይደረግለት ማለቱ ነው።